ሁለቱ ብስክሌቶችና የያንቲኑስ ድንች

ሉበርት ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሚዛን ላይ ተቀምጦ ኖሯል። የሥራ ቦታው በኔዘርላንድ፣ በድሬንተ ሜዳ ላይ ከሚገኝ የድንች ስታርች ፋብሪካ በር አጠገብ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። በመኸር ወራት ገበሬዎቹ ድንች እንደ ተራራ የቆለሉባቸውን ተጎታቾች በትራክተር እየሳቡ ይመጣሉ፣ መሬት ውስጥ የተቀበረው ሰፊ ሚዛን ላይ ይወጣሉ፣ ሉበርትም በመስኮቱ አንገቱን ብቅ አድርጎ ቁጥሩን ያነብላቸዋል።

"ከልክ በላይ ጭነሃል" ይላል።

"አውቃለሁ" ይላል ገበሬው።

በማግስቱ ያው ገበሬ ያንኑ ያህል ጭኖ ይመጣል። ሉበርትም ያንኑ ቃል ይደግማል። እንዲህ እያለ ጸጉሩ ሸበተ። ከነዚህ ገበሬዎች ሁሉ ደግሞ እንደ ያንቲኑስ ልቡን ያደረቀው የለም። ያንቲኑስ ቁጥሩን እንኳ ሰምቶ አይጨርስም ነበር፤ "ኧረ ተወኝ፣ ሉበርት፣ መንገዱ አይሰበርም!" ብሎ ጋዙን ይረግጣል። የሉበርትን ታናሽ እህት ፌሚን ያገባውም ይኸው ሰው ነው። ስለዚህ ከሥራ ቀን የተረፈው ክርክር እሑድ እሑድ በምሳ ጠረጴዛ ላይ ይቀጥል ነበር።

ሉበርት ጡረታ ሲወጣ ከሚዛን የሚገላገል መስሎት ነበር። ነገር ግን የአካባቢው የካራቫን ማኅበር መጥቶ ለመነው። በዚያ አገር በጋ ሲመጣ ግማሹ መንደር ካራቫን የሚሉትን ቤት የሚያህል ተጎታች ከመኪናው ኋላ ቀጥሎ ወደ ደቡብ ይጎርፋል። ታዲያ ማኅበሩ በየዓመቱ በግንቦት ወር፣ አንድ ቅዳሜ፣ በኳስ ሜዳው ላይ የመመዘኛ ቀን ያዘጋጃል። አባላቱ ካራቫናቸውን ጭነው ይመጣሉ፤ ሉበርት ጎማዎቹ በሚወጡባቸው ትልልቅ ጠፍጣፋ ሚዛኖች ይመዝናል፣ ይመክራል። የማኅበሩ ጸሐፊ ክላዚን ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሲኒ ቡናና አንድ ብስኩት ትሰጣለች። ሁለተኛ ብስኩት የለም። ሰዎቹም ቡናቸውን ይጠጣሉ፣ ሉበርትን እየሰሙ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከዚያም እንደመጡ ሆነው ይሄዳሉ።

ይህ ነገር ቀደም ሲል ብዙም አያስጨንቀውም ነበር። ያስጨነቀው የኤሌክትሪክ ብስክሌት ከመጣ ወዲህ ነው። የድሮው ብስክሌት ቀላል ነበር፤ አንድ ሰው በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ከካራቫኑ ጀርባ ይሰቅለዋል፣ ምንም አይል። የዛሬው ግን ሞተር አለው፣ ባትሪ አለው፣ ብረቱም ወፍራም ነው፤ አንዱ ብቻ ሃያ ሰባት ኪሎ ይመዝናል። ሁለቱን ከነመስቀያቸው ከኋላ ሰቀልክ ማለት አንድ ጎልማሳ ሰው በኋላ መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ አብሮህ ፈረንሳይ ድረስ ይሄዳል ማለት ነው። ሉበርት ይህንን ምሳሌ በየዓመቱ ይናገረዋል። ሰዎቹም በየዓመቱ ይስቃሉ።

ጉዳቱን ለመረዳት ካራቫኑን ልጆች በሁለት ጫፍ ተቀምጠው ከፍ ዝቅ እንደሚሉበት ሳንቃ አድርጎ ማሰብ ይበቃል። ጎማዎቹ መሐል ላይ ናቸው። ከፊት የሚወጣው የመጎተቻ ክንድ በመኪናው መንጠቆ ላይ ያርፋል። ክንዱ መንጠቆውን በልኩ መጫን አለበት፤ ይህንን ጫና የካራቫን ሰዎች የአፍንጫ ክብደት ይሉታል። ከበዛ የመኪናው ቂጥ ይሰምጥና የፊት ጎማዎቹ መንገዱን መያዝ ያቅታቸዋል። ካነሰ ደግሞ የባሰ ነው፤ ካራቫኑ እንደ ውሻ ጅራት ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ልኬቱም ደስ የሚል ሥራ ነው። ካራቫኑን ደልዳላ ቦታ ማቆም፣ ጎማዎቹን በሽብልቅ መያዝ፣ ከክንዱ ጫፍ ሥር መታጠቢያ ቤት ውስጥ ያለውን የሰው ሚዛን ማስቀመጥ፣ በሚዛኑና በክንዱ መሐል የተቆረጠ እንጨት ማቆም፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ማውረድ ብቻ ነው። ቁጥሩ ይናገራል። ሉበርት በዚህ ቁጥር እጅግ ያምናል። በኳስ ሜዳው አጥር ላይም በራሱ እጅ በቀለም የጻፈው ሰሌዳ ተሰቅሏል፦ "ግምት ተው፣ ሚዛን እመን።"

በዚያ ዓመት የመመዘኛ ቀን ያንቲኑስና ፌሚ ከሁሉ በኋላ፣ ከቀትር በኋላ መጡ። ሉበርት ገና ከሩቅ ሲያያቸው ሲኒውን አስቀመጠ። አሮጌው ካራቫናቸው ከጀርባው ሁለት አዳዲስ ብስክሌቶች ተሸክሟል፤ በላያቸው ላይ ሰማያዊ ሸራ ተጠምጥሞባቸዋል፣ ሸራውም በነፋስ እንደ ጀልባ ሸራ ተነፍቷል።

"በእግዜር!" አለ ሉበርት። "ስንት ዓመት ነው የተናገርኩት!"

"ገና ሳይወርድ አትጀምረው" አለችው ክላዚን።

ፌሚ ከመኪናው ወርዳ በሁለት ምርኩዝ እየተደገፈች መጣች። ዕድሜዋ ስልሳ ስምንት ነው። የዳሌዋ መጋጠሚያ ካለቀ ወዲህ ሁለት መቶ እርምጃ መሄድ ይከብዳታል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ መራመድ ያቃታት ሴት የኤሌክትሪክ ብስክሌት ላይ ስትቀመጥ አርባ ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ፔዳሉን ትነካዋለች፣ ሞተሩ የቀረውን ይሠራል፣ ዳሌዋም አይናገርም። ባለፈው በጋ ገና ብስክሌቱ ስላልነበራት ሦስት ሳምንት ሙሉ ካራቫኑ በር ላይ በታጣፊ ወንበር ተቀምጣ ያንቲኑስ የሚያመጣላትን ወሬ ስትሰማ ሰነበተች። ሲመለሱ ለወንድሟ አንድ ነገር ብቻ ነግራዋለች፦ "እንደዚህ ከሆነ እኔ ሁለተኛ አልሄድም። ከቤቴ መስኮት ላይ ሆኜ የገዛ አጥሬን ባይ ይሻለኛል።" ክረምቱን ብስክሌቶቹ ተገዙ። ሰኞ ወደ ፈረንሳዩ ሉዋር ወንዝ ይሄዳሉ። በወንዙ ዳር ረጅም የብስክሌት መንገድ አለ፤ ፌሚ ካርታውን ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፋ አራት ወር አይታዋለች።

"እንዴት ነህ ወንድሜ?" አለችው። "ፊትህን አትቋጥርብኝ።"

"ፊቴን የቋጠረው ያ ከኋላ የተንጠለጠለው ነው።"

ያንቲኑስ እጁን ኪሱ ከትቶ መጣ። ወፍራም፣ ባለ ቀይ ጉንጭ፣ ሁልጊዜ የሚያሸንፍ የሚመስለው ሰው ነው። "አፍንጫውን ብቻ መዝንልኝ" አለ። "ትልቁን ሚዛን አልወጣም። ሠላሳ አራት ዓመት ወጥቻለሁ፣ ይበቃኛል።"

"ትልቁ ሚዛን እኮ ጠቅላላውን—"

"አፍንጫውን ብቻ አልኩህ!"

ሉበርት ተንበረከከ። ሽብልቁን አስገባ፣ እንጨቱን አቆመ፣ ክንዱን አወረደ። ከኋላ ስልሳ ኪሎ ተሰቅሏልና አፍንጫው ባዶ መሆን ነበረበት፤ እንዲያውም ከመሬት ሊነሳ ይገባው ነበር። አጎንብሶ አነበበ። መነጽሩን ጠረገና ደግሞ አነበበ። ሰባ ስድስት ኪሎ። የያንቲኑስ መኪና መንጠቆ የሚፈቅደው ሰማንያ ነው። ከዚህ የተሻለ ቁጥር በዚያ ቀን አላየም።

"ስንት ነው?" አለ ያንቲኑስ።

"ሰባ ስድስት።"

"ልክ ነው ወይስ ልክ አይደለም?"

ሉበርት ቁጥሩን ሦስተኛ ጊዜ አጎንብሶ አነበበ።

"ኧረ ጮክ ብለህ ንገራቸው! ሰዎች፣ ስሙ፣ ሉበርት አንድ ቀን ልክ ነህ ሊለኝ ነው!" ብስኩታቸውን ይዘው የቆሙት ሰዎች ሳቁ። አንዱ አጥሩ ላይ ያለውን ሰሌዳ በጣቱ አሳየ። ሳቁ ባሰ።

ሉበርት ተነሥቶ ወደ ካራቫኑ ፊት ሄደ። የጋዝ ሲሊንደሩ የሚቀመጥበትን የፊት ሳጥን ከፈተ። እዚያ ውስጥ ሁለት ባለ ሃያ አምስት ኪሎ የድንች ከረጢት፣ የብረት የመፍቻ ሳጥን፣ የተጠቀለለው ድንኳን፣ እንዲሁም በመስመር የተደረደሩ የተፈጨ ፖም ጠርሙሶች ነበሩ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ድንች" አለ ያንቲኑስ። "ከቤቴ ጀርባ የተከልኩት። የፈረንሳይ ድንች ሳሙና ነው፣ እሱን አልበላም። ደግሞ ብልሃቴን እይ፤ ብስክሌቱ ከኋላ ከከበደ ድንቹን ከፊት ታደርጋለህ። ቤት ውስጥ በራሴ ሚዛን ለክቼ ነው ያስተካከልኩት። አንተው አይደለህ ያስተማርከኝ?"

ሉበርትን ያናደደው ይኸው ነበር። ሰውየው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምክሩን ሰምቷል፤ የሰማው ደግሞ ግማሹን ነው። አፍንጫው ተስተካክሏል። ካራቫኑ ግን በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ከባድ ሸክም ተሸክሞ መሐሉ ባዶ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ቆሞ ሲመዘን ጨዋ ነው፤ ተንቀሳቅሶ አንዴ ከተወዛወዘ ግን የሚያቆመው የለም።

"ልክ አይደለም" አለ።

"ምን? ሰባ ስድስት አላልክም?"

"ቁጥሩ ልክ ነው። ጭነቱ ልክ አይደለም።"

"ጉድ ነው! አሁን ደግሞ ቁጥር አይታመንም ተባለ! ሰሌዳህን አውርደዋ!"

ሉበርት ለማስረዳት ሞከረ። ስለ ጫፍና ስለ መሐል፣ በአጠገብ የሚያልፍ ትልቅ መኪና ስለሚገፋው ነፋስ ተናገረ። ሰዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። ይህንን አነቃነቅ ያውቀዋል፤ እየሰሙ አይደለም። ፌሚም ሰዓቷን አየች። "ወንድሜ፣ ልክ ከሆነ ልክ ነው በለንና እንሂድ። ገና ቤት ብዙ ሥራ አለብኝ።"

በዚህ ጊዜ ሉበርት ነገሩን በቃል መጨረስ እንደማይችል ገባው። ወደ ክላዚን ጠረጴዛ ሄዶ የወለል መጥረጊያ አመጣ፣ ጭራውን ነቅሎ ጣለው፣ በትሩን ብቻ ያዘ። ከዚያ ከያንቲኑስ ከረጢት ድንች እየዘገነ ሁለት ፌስታል ሞላ።

"ድንቼን ምን ልታደርገው ነው?"

"አልበላብህም።"

ሁለቱን ፌስታሎች በበትሩ መሐል፣ አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ በገመድ አሰረ። ፌሚን ወንበር ላይ አስቀመጣትና በትሩን አስያዛት። "በሁለት እጅሽ ያዢው፣ እንደ መሪ። አሁን ቶሎ ቶሎ ግራና ቀኝ አዙሪ። ቁሚ ስልሽ ቁሚ።"

ፌሚ አዞረችው። "ቁሚ" አላት፣ አቆመችው።

"ምን ችግር አለው?" አለች።

ሉበርት ፌስታሎቹን ፈትቶ አንዱን በቀኝ ጫፍ፣ አንዱን በግራ ጫፍ አሰረ። "ያው ድንች ነው። ያው ክብደት ነው። ሚዛኑም ያው ነው፣ ወደየትም አያዘነብልም። አሁን አዙሪ።"

ፌሚ አዞረች። መጀመሪያ እምቢ አላት፤ ስትገፋው ግን ተነሣ፣ ፌስታሎቹ ወደ ውጭ ተወረወሩ፣ በትሩ ክንዷን ይዞት ሄደ። "ቁሚ!" ሲላት ልታቆመው ታገለች፤ በትሩ ወደ ሌላው ወገን ጎተታት፣ ወንበሩ ተንገዳገደ፣ ያንቲኑስ ትከሻዋን ያዛት።

"አልቆም አለኝ!" አለች እየሳቀች። ወዲያው ሳቋ ቆመ። በትሩን ጭኗ ላይ አድርጋ ድንቹን አየችው።

"በቃ፣ ትርኢቱ አለቀ" አለ ያንቲኑስ። "እኔ አውራ ጎዳና ላይ የምጎትተው መጥረጊያ አይደለም።"

"ያንቲኑስ" አለች ፌሚ።

"ምነው?"

"ባለፈው እሑድ።"

"ነፋስ ነበር እኮ!"

ሉበርት ፊቱን ወደ እህቱ አዞረ። "ባለፈው እሑድ ምን?"

"ለሙከራ ወደ ሆኸፌይን ከተማ ወጥተን ነበር" አለች። "አንድ ትልቅ የጭነት መኪና አለፈን። ካራቫኑ ይወዛወዝ ጀመር፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ በመስታወቱ ሳየው አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ይታየኛል። መኪናው ራሱ ቂጡን እያወዛወዘ ነበር። እሱ እግሩን ከጋዙ አነሣና ካራቫኑም ቀስ በቀስ ተረጋጋ። ነፋስ ነው አለኝ። እኔም ነፋስ ነው አልኩ።"

 ያንቲኑስ ጉንጩ ከቀይ ወደ ሌላ ቀለም ሄደ። "ዋሽቼ አይደለም" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "እኔም ነፋስ ነው ብዬ ነው።"

"በስንት ፍጥነት ትሄዱ ነበር?" አለ ሉበርት።

"ዘጠና።"

"በመቶ አሥር ቢሆን ከነአልጋችሁ ተገልብጣችሁ ነበር።" ሌላ ጊዜ ቢሆን ጮሆ ይናገረው ነበር። አሁን ግን ከእህቱ አጠገብ ሣር ላይ ተቀመጠ።

ፌሚ ምርኩዟን አነሣች። "በሉ ስሙኝ፣ ሁለታችሁም። ያለ ብስክሌቱ አልሄድም። እየተወዛወዝኩም አልሄድም። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን እናንተ አስቡበት፤ ሠላሳ አራት ዓመት ስትጨቃጨቁ አንድ ነገር እንኳ መማር ነበረባችሁ።"

ሉበርት ተነሣ። ደስ የሚለው ሥራ አሁን ተጀመረ። መጀመሪያ ብስክሌቶቹን ካራቫኑ ውስጥ፣ በጎማዎቹ ልክ ወለሉ ላይ ማስተኛት አሰበ፤ ለመንገድ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ግን በየማረፊያው ከመተኛታቸው በፊት ብስክሌቶቹን ማውጣት አለባቸው፤ ያንቲኑስ ብቻውን ነው የሚያወጣው፣ ወገቡ ደግሞ እንደ ፌሚ ዳሌ ነው። ይህ ቀረ። ሌላው ቦታ የመጎተቻው ክንድ ላይ፣ በመኪናውና በካራቫኑ መሐል ነው። ለዚያ የሚሆን መስቀያ ያስፈልጋል፤ ለከባድ ብስክሌት የተሠራ።

"እኔ ጋ አለ" አለ ሉበርት። ከስድስት ዓመት በፊት ከሟች ባለቤቱ ከአውክየ ጋር አንድ በጋ ብቻ የተጠቀሙበት ነው። ቤቱ የሦስት ደቂቃ መንገድ ነው፤ ሄዶ በጋሪ አመጣው። በላዩ የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበበ፤ ስልሳ ኪሎ ይችላል። የካራቫኑን ክንድም አጎንብሶ አየ፤ እንዲህ ያለ መስቀያ እንዲታሰርበት የተፈቀደ መሆኑ እዚያው ተጽፏል። ባይፈቀድ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

ከዚያ ሸራውን ገፈፈ። "ይህ ለጓሮ ነው፤ በመንገድ ላይ ነፋስ ይሰበስባል።" ከሸራው ሥር ባትሪዎቹ እንደተሰኩ ነበሩ። "ያንቲኑስ፣ ባትሪውን እንኳ አላወጣህም?"

"ተቆልፎበታል፤ የት ይሄዳል?"

"እያንዳንዱ ሦስት ኪሎ ነው። ሁለተኛ፣ መንገዱ ሲነቀንቀው ተነቅሎ ከኋላህ በሚመጣው ሰው መስታወት ላይ ይወድቃል። ሦስተኛ፣ ዝናብ።" ሁለቱን ባትሪዎች አውጥቶ ለየብቻ በፎጣ ጠቅልሎ በሳጥን ውስጥ መኪናው ውስጥ አኖራቸው። "ስትቆሙ ፀሐይ ላይ አትተዋቸው። የጋለ መኪና ውስጥም አትተዋቸው። ይዘሃቸው ውረድ።" ባዶ የቀረውን የባትሪ ማስገቢያ ደግሞ ውኃ እንዳይገባበት በፕላስቲክ ሸፈነ። ያንቲኑስ ይህን ሁሉ እጁን ኪሱ ከትቶ አየ፤ ሁለተኛውን ብስክሌት ሲያነሡ ግን እጁ ከኪሱ ወጣ።

ብስክሌቶቹ ክንዱ ላይ ተቀመጡ፣ ጎማቸው ታሰረ፣ አካላቸው ታሰረ። ሉበርት መኪናውን እንዲያቀርብ ነገረውና ካያያዙ በኋላ መሪውን እስከ ጥግ አዙሮ በዝግታ እንዲነዳ አደረገ። የአንዱ ብስክሌት እጀታ የመኪናውን የኋላ መስታወት ሊነካ ሁለት ጣት ሲቀረው "ቁም!" ብሎ ጮኸ፤ እጀታውን ፈትቶ ወደ ጎን አጠፈው። ደግመው ዞሩ። አለፈ።

"አሁን አፍንጫውን እንይ" አለ። ካራቫኑን ከመኪናው ፈትተው የፊት ሳጥኑን ባዶ አደረጉት፣ የጋዝ ሲሊንደሩ ብቻ ቀረ። እንጨቱን አቆመ፣ ክንዱን አወረደ። ሰባ ስምንት። ከሰማንያ በታች ሁለት ኪሎ። ሉበርት እንደ ሕፃን ደስ አለው።

"ጥሩ" አለ ያንቲኑስ። "ድንቹ ደግሞ ከጎማዎቹ በላይ ወለሉ ላይ ይሁን። መሐል አይደለም ያልከው? መሐል።"

ሉበርት በዚህ ተገረመ፤ ሰውየው ገብቶታል። "ይሁን። ግን ትልቁ ሚዛን ላይ ትወጣለህ።"

ያንቲኑስ ሚስቱን አየ። ፌሚም አየችው። ወጣ።

ከረጢቶቹ፣ ድንኳኑ፣ የመፍቻ ሳጥኑና ጠርሙሶቹ በጎማዎቹ ልክ ወለሉ ላይ ተደረደሩ፣ ካራቫኑም ጠፍጣፋዎቹ ሚዛኖች ላይ ወጣ። ሉበርት ደመረ። ካራቫኑ እንዲይዝ የተፈቀደለት አንድ ሺህ ሦስት መቶ ኪሎ ነው። ሚዛኑ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ሁለት አለ።

"ከልክ በላይ ጭነሃል" አለ ሉበርት።

"አውቃለሁ" አለ ያንቲኑስ፤ ከልማድ ነው የወጣው። ሚስቱ ስታፈጥበት "ማለቴ፣ አሁን አወቅሁ" አለ። "ሃምሳ ሁለት ኪሎ ምንድን ነው? የፌሚ ጫማዎች ይሆናሉ።"

"እኔ ሁለት ጫማ ነው የያዝኩት" አለች ፌሚ። "ድንቹ ስንት ነው?"

ያንቲኑስ የካራቫኑን ጎማ በጫማው መታ መታ አደረገ።

"ስንት ነው አልኩ?"

"ሃምሳ" አለ ያንቲኑስ።

"ብስክሌቶቹስ?"

"ያለ ባትሪ አርባ ስምንት" አለ ሉበርት።

ፌሚ ምርኩዟን መሬት ላይ ተከለች። "እንግዲህ ምረጥ፣ የኔ ጌታ። ወይ ድንችህ ወይ ብስክሌቶቹ። ድንቹን ከመረጥክ አብረኸው ሂድ፤ ድንች ጥሩ ጓደኛ ነው፣ አይናገርም። እኔ ቤቴ እቀመጣለሁ።"

"ሦስት ሳምንት ሩዝ ልበላ ነው?"

"ፈረንሳዮች ምን ይበላሉ? እስካሁን አላለቁም።"

ያንቲኑስ ካራቫኑ ውስጥ ገባ። አንዱን ከረጢት ታቅፎ ወጣና ሣሩ ላይ አኖረው። ሁለተኛውንም አወጣ። ከዚያ ሳይነገረው ከተፈጨው ፖም ጠርሙስ ግማሹን አወጣ። ሚዛኑ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዘጠና አራት አለ።

"ስድስት ኪሎ ይቀረኛል!" አለ ያንቲኑስ ወዲያው።

"ውኃ ትሞላለህ፣ ዳቦ ትገዛለህ" አለ ሉበርት። "እስከ ጫፉ አይሞላም። ስንቴ ልንገርህ?"

"ሦስት ኪሎ። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት።"

ሉበርት እህቱን አየ። ፌሚ ሦስት ጣት አነሣች። ያንቲኑስም በሚዛን ለክቶ፣ አንድ ድንች ጨምሮ፣ ሉበርት ሲያየው መልሶ ቀንሶ፣ ሦስት ኪሎ ወሰደ። የቀረውን ክላዚን ለማኅበሩ አባላት አከፋፈለችው፤ ሰዎቹ በብስኩቱ ላይ ተጨማሪ ያገኙበት የመጀመሪያው ዓመት ሆነ።

ሰኞ ጠዋት ሊነሡ ሲሉ ሉበርት በራቸው ላይ ቆሞ ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ ሲጎትት ያንቲኑስ አገኘው።

"ምን ታደርጋለህ?"

"ማሰሪያ መጀመሪያ ላይ ይላላል። ሃያ ኪሎ ሜትር እንደሄዳችሁ ቁሙና እንደገና አጥብቁ። ከዚያ በየዕረፍቱ እዩት። ከዘጠናም አትለፍ።"

"ሌላስ?"

"ባትሪዎቹን—"

"በፎጣ ጠቅልያለሁ! ፀሐይ ላይ አልተዋቸውም! ይዤያቸው እወርዳለሁ! በቃ?"

"በቃ" አለ ሉበርት፤ ነገር ግን አንዱን ማሰሪያ ደግሞ ጎተተው። መኪናው ወጣ። ካራቫኑ መንገዱ ዳር ባሉት ረጃጅም ዛፎች መሐል ቀጥ ብሎ ሲሄድ እስኪሰወር ድረስ በዓይኑ ተከተለው፤ ግራም ቀኝም አላለም።

ሦስት ቀን ሙሉ ወሬ አልነበረም። ሉበርት ስልኩን በኪሱ ይዞ ጓሮውን አረመ፣ ስልኩን አውጥቶ አየ፣ መልሶ አረመ። እህቱ ብትጽፍ ጣቷ አይወልቅም ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መልእክት መጣ።

"ዛሬ ሠላሳ አንድ ኪሎ ሜትር ሄድን። አንድ አሮጌ ድልድይ ላይ ቆሜ ውኃውን አየሁት፣ ሽመላ ነበር። ዳሌዬ ምንም አላለም። መንገድ ላይ ሦስት ትልልቅ መኪናዎች አለፉን፣ አልተንቀሳቀሰም። ያንቲኑስ ራሱ በመስታወት እያየ 'ነፋስ የለም' አለ። ድንቹ ትናንት አለቀ፣ ዛሬ ከማንም ጋር አይነጋገርም።"

ሉበርት መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ በአንድ ጣቱ እየፈለገ ጻፈ፦ "ማሰሪያዎቹን አይታችኋል?"

መልስ አልመጣም። ትንሽ ቆይቶ ደወለ፤ አላነሣችም። ደግሞ ደወለ። "ምን አለበት አንድ ጊዜ እንኳ ቢያነሱት!" እያለ መቆፈሪያውን አጥሩ ላይ አስደገፈ። ሦስተኛውን ሲደውል ያንቲኑስ አነሣ።

"ፌሚ የለችም" አለ፣ ከሰላምታ በፊት። "ብስክሌቷ ላይ ናት። ባትሪዬ አለቀብኝና ስልኳን እኔ ጋ ትታ ጥላኝ ሄደች።"